የጓሮ ተባይን በነፍሳት መከላከል፦ ለየትኛው ጓሮ የትኛው ነፍሳት?

የጎመኑ ቅጠል ጠርዙን እየጠቀለለ ሲሄድና ገልብጠው ሲያዩት አመድ የተነሰነሰበት የመሰለ የክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች) ክምር ሲያገኙ፣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ማላታይን ነው። ያ ጎመን ግን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ተቀጥፎ ለልጆች ምሳ የሚቀርብ ነው። መድኃኒት ረጭቶ የተወሰነውን ቀን ሳይጠብቁ መቅጠፍ አደጋ አለው፤ ጠብቆ መቅጠፍ ደግሞ የጓሮን ዋና ጥቅም፣ በፈለጉ ሰዓት ወጥቶ መቅጠፍን፣ ያሳጣል። ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ ማስበላት የሚለው ሐሳብ በከተማ ግብርና በተሰማሩ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። አንዱ ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ይመክራል፣ ሌላው ጥገኛ ተርብ ይላል፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደግሞ «እዚህ በከረጢት ይሸጣል፣ ልላክልህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከመነሻው አቋሜን ግልጽ ላድርግ። ለአብዛኛው ክፍት ጓሮ የሚያዋጣው ነፍሳት መግዛት ሳይሆን፣ በአካባቢው ቀድሞ ያለውን መጥራትና አለመግደል ነው። ገዝቶ መልቀቅ ትርጉም የሚኖረው ቦታው የተዘጋ ሲሆን፣ ማለትም በግሪን ሃውስ ወይም በላስቲክ ቤት ውስጥ፣ ተባዩም በትክክል ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከመመዘኛዎቹ ተነሥቼ አሳያለሁ።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ጥያቄ ነፍሳቱ ምን ይበላል የሚለው ነው። አንዳንዱ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ ዓይነት ተባይ ውጭ አፉን አይከፍትም። የጎመን ክሽክሽ፣ የቲማቲም ነጭ ዝንብ፣ የበቆሎ ተምችና የጽጌረዳ ቀይ ሸረሪት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠላት ስላላቸው፣ ተባዩን ሳይለዩ ጠላቱን መምረጥ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደመግዛት ነው። ስለሆነም ከሁሉ በፊት ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ፤ የሚቻል ከሆነ ርካሽ የእጅ ማጉያ መነጽር ይያዙ።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ፣ ነፍሳቱ በቦታው ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ክንፍ ያለው ጉልምስ ነፍሳት በአጥር አይያዝም። የሚቆየው የሚበላው ሲኖር፣ የሚጠጣው የአበባ ማርና የሚጠለልበት ጥላ ሲያገኝ፣ እንቁላሉንም የሚጥልበት ቦታ ሲኖረው ነው። ይህ ካልተሟላ ዛሬ የተለቀቀው ሁሉ ነገ የጎረቤት፣ ከነገ ወዲያ የሰፈሩ ይሆናል፤ ክሽክሹ ግን አይሄድም። እንስቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ ልጆቿን ሕያው አድርጋ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም በሞቃት ወቅት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሷ ወላጅ ትሆናለች። በዚህ ፍጥነት ለሚራባ ተባይ የሦስት ቀን እንግዳ አይበጀውም፤ የሚበጀው እዚያው የሚወልድና የሚኖር ጠላት ነው።

ሦስተኛው አየሩ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አዳማና ዝዋይ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። በሞቃት ግሪን ሃውስ ተአምር የሚሠራ ተርብ በደጋ ጓሮ ፈዝዞ ሊቀር ይችላል። አራተኛው ማግኘትና ወጪ ነው፤ እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ጓሮ የሚሆን ነፍሳት በየሱቁ የሚቸረቸር ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የመጨረሻው፣ ነፍሳቱ ጓሮው ውስጥ ከሚረጨው ነገር ጋር አብሮ ይኖራል ወይ የሚለው ነው፤ መልሱ ለሁሉም ያው ስለሆነ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ

ሁሉም የሚያውቃት እሷን ነው፤ ስለ ነፍሳት ቁጥጥር ሲነሣ መጀመሪያ የምትታሰበውም እሷ ናት። ጉልምሷ በቀን እስከ 50 ክሽክሽ ትበላለች፤ እጯም አድጋ ጥንዚዛ እስክትሆን ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ትጨርሳለች። በመጀመሪያው መመዘኛ ስትመዘን ለክሽክሽ እጅግ ጥሩ ናት፤ ለተምች፣ ለነጭ ዝንብና ለቀይ ሸረሪት ግን የምትረዳው በጥቂቱ ነው።

ችግሩ ሰው የሚያውቀው ቀዩን ጥንዚዛ ብቻ መሆኑ ነው፤ እጯን አያውቃትም። እጯ ጠቆር ያለች፣ ሸካራ፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ያላት፣ ስድስት እግሯን ዘርግታ ስትሄድ ትንሽ አዞ የምትመስል ፍጥረት ናት። አንድ ጠዋት ጎመኑ መካከል ጎንበስ ብዬ ሳለሁ አንዲት እናት ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አይተውኝ «ልጄ፣ ያ ጥቁር ትል ጎመንህን ሊጨርስልህ ነው፤ ምነው ዝም አልከው?» አሉኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እኔ ራሴ ያንኑ «ጥቁር ትል» በጣቴ እየጨፈለቅሁ ነበርና አልፈረድኩባቸውም። በዚያ ዓመት ክሽክሹ ጎመኑን አጠፋው። አሁን ቅጠሉን ገልብጬ እጮቹን ሳያቸው የማደርገው ነገር ቢኖር ቅጠሉን ቀስ ብሎ መመለስ ብቻ ነው። ቢጫ ሆነው፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ቆሞ፣ በክምር የተጣበቁ እንቁላሎችንም ካዩ አይንኳቸው፤ የእሷ ናቸው።

በሁለተኛው መመዘኛ ግን የተገዛች ጥንዚዛ ትወድቃለች። በአሜሪካ በየአትክልት መደብሩ በከረጢት የሚሸጠው ዓይነት በአብዛኛው ከካሊፎርኒያ ተራሮች፣ ለዕረፍት በተሰበሰበበት ቦታ፣ እየታፈሰ የሚመጣ ነው፤ ሲለቀቅም ደመ ነፍሱ እንዲበር ያዝዘዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተባይ ቁጥጥር ምክር ክሽክሽ ክፉኛ ለወረራት ለአንዲት ትልቅ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ብቻ በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም 1,500 ገደማ ጥንዚዛ እንዲለቀቅ ይላል፤ አብዛኞቹም በ2 ቀን ውስጥ በርረው ይሄዳሉ። ለአንዲት ቁጥቋጦ ይህን ያህል ካስፈለገ ለአንድ ጓሮ ጎመን ስንት እንደሚሆን ማስላት አያዳግትም። አውሮፓ ለሚኖሩ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከእስያ ለዚሁ ሥራ የመጣችው ጥንዚዛ ወራሪ ሆና የአገሬውን ጥንዚዛዎች ገፍታለች፤ እንግሊዝም የገባችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ይህ ሁሉ የጥንዚዛን ስም ለማጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ኮቤሌ የተባለ ባለሙያ ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የላካት ሌላ ጥንዚዛ፣ የብርቱካን እርሻውን ሊያጠፋ የተቃረበውን ጥጥ የመሰለ ተባይ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በቁጥጥር ሥር አውላለች። ያ ጥንዚዛ የተሳካላት ያንን ተባይ ለይታ የምትበላ በመሆኗና እዚያው ተራብታ በመቅረቷ ነው፤ ከላይ ያልናቸውን ሁለት መመዘኛዎች አሟልታለች ማለት ነው።

ባለመረብ ክንፏ

በሻጮች ዘንድ ሌስዊንግ የምትባለው ይህች ነፍሳት ጉልምሷ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ክንፏ እንደ ቀጭን መረብ፣ ዓይኗ ወርቃማ ነው፤ ማታ ማታ ወደ በረንዳ መብራት ትመጣለች። እንቁላሏን ፀጉር በምታህል ዘንግ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ ትጥላለችና አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። የሚሠራው እጩ ነው። ማጭድ በመሰሉ ሁለት መንጋጋዎቹ ክሽክሹን ወግቶ ይመጠዋል፤ በሳምንት 200 ያህል ሊጨርስ ይችላል፤ ነጭ ዝንብን፣ ትናንሽ ትሎችን፣ የትል እንቁላልንና ቀይ ሸረሪትንም ይበላል።

በመቆየት መመዘኛ ከጥንዚዛዋ ትበልጣለች፤ የሚሸጠው እንቁላሉ ወይም እጩ ሲሆን፣ እጩ ክንፍ ስለሌለው እስኪያድግ ሁለትና ሦስት ሳምንት እዚያው ይቆያል። ውጭ አገር ሆኖ ለበረንዳ ማሰሮዎች የግድ ነፍሳት መግዛት ለፈለገ ሰው ከጥንዚዛዋ ይልቅ ይህችን እመክራለሁ። እጮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ አንድ ቦታ ማፍሰስ አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ተክል ጥቂት ጥቂት አድርጎ መበተን ነው።

የአበባ ዝንብ

ብዙ ሰው ንብ መስላው ይሸሻታል፤ እሷ ግን መናደፊያ የላትም፣ ሁለት ክንፍ ብቻ ያላት ዝንብ ናት፣ በአየር ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብላ ቆማ ትታያለች። እግር የሌለው፣ አረንጓዴና ብርሃን የሚያሳልፍ እጯ አድጎ እስኪጨርስ እስከ 400 ክሽክሽ ይበላል። ነጭ፣ ሩዝ የመሰለች አንዲት እንቁላሏን ክሽክሹ መካከል ትጥላለች፤ ክሽክሹ ገና ጥቂት ሳለ ቀድማ ማግኘት ትችልበታለች። ለደጋ ጓሮ ከሁሉም ነፍሳት አብልጬ የምተማመንባት በእሷ ነው፤ በመስከረም ፀሐይ ወጣ ሲል አደይ አበባ ላይ ለ10 ደቂቃ ቆመው ቢመለከቱ ለምን እንደሆነ ይረዱኛል። በሱቅ አትፈለግም፤ አበባ ካለ ራሷ ትመጣለች፣ አበባ ከሌለ በገንዘብ አትቆይም።

ጥገኛ ተርቦች

እነዚህ ሰው የሚናደፉ ተርቦች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። ሥራቸው ተባዩ ውስጥ ወይም ተባዩ እንቁላል ውስጥ እንቁላላቸውን መጣል ነው፤ የሚፈለፈለው እጭ ተባዩን ከውስጥ በልቶ ይወጣል። በንጽጽሩ ውስጥ ጥልቅ ዕውቀትና ብዙ ምርጫ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ለጎመን ክሽክሽ የሚሆኑት ተርቦች አብዛኛውን ጊዜ ጓሮዎ ውስጥ አሉ። ማስረጃውን ለማየት ክሽክሹ ካለበት ቅጠል ሥር ከሌሎቹ የተለየ፣ ያበጠ፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ያደላ፣ ሲነኩት የማይንቀሳቀስ ክሽክሽ ይፈልጉ። እሱ ሞቷል፤ ውስጡ ያለው ተርብ ነው። አንድ መጋቢት እንዲህ ያለ ቅጠል ቀጥፌ በማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ አስገብቼ አፉን በቀጭን ነጠላ አሰርኩት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ካበጠው ክሽክሽ ጀርባ ላይ በመርፌ የተከፈተች የምትመስል ክብ ቀዳዳ ነበረች፤ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ቀጭን ወገብ ያላት ጥቁር ተርብ ትመላለሳለች። ወስጄ ጎመኑ ላይ ለቀቅኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጎመን ላይ ቅጠል ስቀጥፍ ቡኒ ክሽክሽ የበዛበትን ትቼ አልፋለሁ።

ለትሎች የሚሆኑት ደግሞ ሌሎች ናቸው። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎን ሲወርር፣ በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ከማሳ በሰበሰቧቸው ተምቾች ላይ ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች አገር በቀል ተርብ ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑትን እንዳጠቃች አገኙ። ስሟ ናይሮቢ ከሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ከኢሲፔ፣ የተወሰደ ነው። ማንም ገዝቶ አልለቀቃትም፤ መጤውን ተባይ ራሷ አገኘችው። ጓሯቸው ውስጥ በቆሎ ያላቸው ሰዎች ይህን ቁጥር ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚረጨው ኃይለኛ መድኃኒት ተምቹን ሁሉ ሳይደርስበት እነዚህን ተርቦች ይፈጃልና። ከትል አጠገብ ሩዝ የመሰለ ነጭ ወይም ቢጫ ትንሽ ጎጆ ካዩ፣ የትሉ እንቁላል ነው ብለው አይጨፍልቁት፤ የጥገኛ ተርብ ጎጆ ነው።

ተርብ ከውጭ ማስመጣት በመንግሥትና በምርምር ተቋም ደረጃ ሲሠራ ውጤቱ እጅግ ትልቅ ሊሆን ይችላል። የካሳቫን ተባይ ለመግታት ከፓራጓይ የመጣችው ጥቃቅን ተርብ እ.ኤ.አ. በ1981 ናይጄሪያ ላይ ተለቅቃ በአፍሪካ የካሳቫ ቀበቶ ተሰራጭታለች፤ ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረንም በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ ለጥቅል ጎመን ትል የምትሆን ተርብ ከታይዋን መጥታ በ2002 በደጋው ተለቅቃለች። ይሁንና እነዚህ የዓመታት ምርመራ የተደረገባቸው ሥራዎች ናቸው። ሕያው ነፍሳትን ወደ አገር ማስገባት ፈቃድ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘመድ በሻንጣ ይዞልኝ ይምጣ ማለት ከጓሮ አልፎ የአገር ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ለነጭ ዝንብ የምትሆነው ኤንካርሲያ ፎርሞሳ በእንግሊዝ ቲማቲም ቤቶች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ትታወቃለች፤ ታሪኩ የተጀመረው አንድ የቲማቲም አምራች ከነጭ ዝንብ እጮች መካከል የጠቆሩትን አስተውሎ ለባለሙያ ባሳየበት ጊዜ ነው። ዛሬም የምትሸጠው እንዲህ የጠቆሩ እጮች በተለጠፉበት ካርድ ላይ ሆና ነው፤ ካርዱ ቅጠሉ ላይ ይንጠለጠላል። ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆን ትደክማለች፤ ስለዚህ ለሞቃት ግሪን ሃውስ እንጂ ለደጋ ክፍት ጓሮ አትሆንም። ትሪኮግራማ የተባለችው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህለው፣ የእሳት ራት እንቁላልን ታጠቃለች፤ እሷም በካርድ ትሸጣለች። የመልቀቂያዋ ጊዜ እንቁላሉ ከመፈልፈሉ በፊት መሆን ስላለበት፣ የእሳት ራቷን መምጣት በወጥመድ ለማይከታተል ሰው ገንዘብ ማባከን ነው።

አዳኝ ማይት

ፊቶሴዩለስ የምትባለው አዳኝ ማይት፣ ማለትም በጣም ጥቃቅን የሸረሪት ዘመድ፣ ስምንት እግር ስላላት በትክክለኛው አነጋገር ነፍሳት አይደለችም፤ ነገር ግን ከዚህ ንጽጽር ሊያስቀራት አይገባም። ከቺሊ በመጣ ኦርኪድ ላይ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 ተገኘች። ቀይ ሸረሪትን ብቻ ትበላለች፤ በቀን 20 ያህል እንቁላል ወይም 5 ጉልምስ ትጨርሳለች፣ እሱ ሲያልቅ በረሃብ ታልቃለች። በዝዋይ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች የሚጠቀሙባት ቀይ ሸረሪቱ መድኃኒቱን እየለመደው ስለመጣ ነው፤ በእስራኤልም ሰደ ኤሊያሁ በተባለ ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) ውስጥ በብዛት ትራባለች። የአየር እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲሆን እንቁላሏ ይደርቃል። ለጓሮ ጽጌረዳ ወይም ለጥቂት የቲማቲም እግር ማስመጣት አይታሰብም፤ በበጋ ቀይ ሸረሪት ሲበዛ የቅጠሉን ሥር ጠዋት ጠዋት በውኃ መርጨት አቧራውን ያጥባል፣ ሸረሪቱንም ያራግፋል፣ ለአገር በቀል አዳኞችም እርጥበት ይሰጣል።

ስለ አንድ ሌላ አዳኝ በአጭሩ፦ ፊት እግሮቹን እንደሚጸልይ ሰው አጣጥፎ የሚቆመው ትልቅ አረንጓዴ ነፍሳት በአሜሪካ እንቁላሉ ይሸጣል። እሱ ግን ንብንም፣ የአበባ ዝንብንም፣ የራሱን ወንድምም ይበላል። ጓሮ ውስጥ ካለ ይኑር፤ ለመግዛት ግን ምክንያት የለም።

መጥራት ሲባል ምን ማለት ነው

ከሁሉም በላይ የሚሠራው አበባ ነው። የተርቦቹ፣ የአበባ ዝንቧና የባለመረብ ክንፏ ጉልምሶች የሚኖሩት በአበባ ማርና በብናኝ ነው፤ አፋቸው አጭር ስለሆነም ጥልቅ አበባ አይሆናቸውም። ድንብላልና እንስላል ጥቃቅን፣ ክፍት፣ እንደ ጥላ የተዘረጋ አበባ ስላላቸው ተመራጭ ናቸው፤ በሶብላም ሲያብብ ይጠቅማል። ለዚህ የሚሆነው ዘር ከቅመማ ቅመም ነጋዴ የሚገዛው ያልታመሰ ድንብላል ነው። ሰናፍጭ ግን ከጎመን ወገን ስለሆነ የጎመኑን ክሽክሽ ራሱን ይጠራል፤ ከጎመን አጠገብ አይተከል።

ሌላው ዘዴ ገብስ ነው። በግሪን ሃውስ አምራቾች ዘንድ የሚሠራበት ሲሆን፣ በገብስ ላይ የሚኖረው የእህል ክሽክሽ ጎመንና ቲማቲምን አይነካም፤ ተርቦቹ ግን በእሱ ላይ ተራብተው ወደ አትክልቱ ይሸጋገራሉ። በሁለት ሦስት ማሰሮ የበቀለ ገብስ ለተርቦቹ ጎተራ ይሆናል ማለት ነው። ጓሮው ከእህል ማሳ ወይም ከበቆሎ የሚዋሰን ከሆነ ግን አልመክረውም።

ጉንዳንንም አይርሱ። ክሽክሽ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ ጉንዳን እንደ እረኛ ይጠብቀዋል፣ ጥንዚዛዎችንና ተርቦችንም ያባርራል። ሎሚ ዛፍ ላይ ጉንዳን የሚመላለስ ከሆነ ግንዱን በላስቲክ ጠምጥመው ላስቲኩን ግሪስ ይቀቡት፤ በራሱ ይህ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ስለሚረጨው ነገርም እዚህ ላይ ልጨርስ። ሁሉን ገዳይ የሆኑ መድኃኒቶች ከተረጩ በኋላ ቅጠሉ ላይ ለሳምንታት የሚቆዩ አሉ፤ እነሱ ባሉበት ነፍሳት መጥራትም ሆነ መልቀቅ ከንቱ ነው። ክሽክሹ ከልክ ካለፈ የሳሙና ውኃ ክምሩ ላይ ብቻ ይርጩ፤ ከደረቀ በኋላ የሚመጣውን ነፍሳት አይገድልም። የኒም ውኃም ከከባዱ መድኃኒት ይሻላል፤ እጮቹ ያሉበትን ቅጠል ግን ይዝለሉ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ነፍሳት | ዋና ምግቡ | ይቆያል? | የሚስማማው ቦታ | ማግኛው |
|---|---|---|---|---|
| ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ | ክሽክሽ | ራሷ ከመጣች አዎ፤ ከተገዛች አይመስልም | ክፍት ጓሮ፣ ደጋና ወይና ደጋ | አለመግደል፤ ውጭ አገር በሱቅ |
| ባለመረብ ክንፍ | ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ የትል እንቁላል | እጩ ሁለትና ሦስት ሳምንት | በረንዳ፣ ጓሮ፣ ግሪን ሃውስ | አበባ፤ ውጭ አገር በእንቁላል ወይም በእጭ |
| የአበባ ዝንብ | ክሽክሽ | አበባ እስካለ | ክፍት ጓሮ፣ በተለይ ደጋ | አበባ ብቻ |
| የክሽክሽና የትል ተርቦች | እያንዳንዷ የራሷ ተባይ | አዎ፣ ተባዩና አበባ ካለ | ክፍት ጓሮ | አበባ፣ ገብስ፣ አለመርጨት |
| ኤንካርሲያ | ነጭ ዝንብ | በተዘጋ ቤት አዎ | ከ18 ዲግሪ በላይ የሆነ ግሪን ሃውስ | በትእዛዝ፣ በካርድ |
| ትሪኮግራማ | የእሳት ራት እንቁላል | ለአጭር ጊዜ | የእሳት ራት ክትትል ያለበት ማሳ | በትእዛዝ፣ በካርድ |
| ፊቶሴዩለስ | ቀይ ሸረሪት ብቻ | ምግቧ እስካለ | እርጥበት ያለው ግሪን ሃውስ | በትእዛዝ፣ በፈቃድ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ጥቂት የጎመን፣ የቆስጣና የቃሪያ መደብ ያለው ቤተሰብ ምንም ገንዘብ ማውጣት የለበትም። እጮቹን ለይቶ ማወቅ፣ ኃይለኛ መድኃኒት ማቆምና የድንብላል ዘር መበተን ይበቃዋል። መድኃኒቱ በቆመባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ክሽክሹ ከበፊቱ ይብሳል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ያን ጊዜ ነው። ጠላቶቹ ከተባዩ በኋላ ስለሚመጡ ይህን ክፍተት በሳሙና ውኃና ክፉኛ የተወረረውን ቅጠል ቀጥፎ በማውጣት ማለፍ ያስፈልጋል። እኔ የምሠራበት ደንብ እንዲህ ነው፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር ቅጠል ገልብጬ አያለሁ፤ ከአሥሩ በሁለቱ ላይ ቡኒ ክሽክሽ ወይም እጭ ካገኘሁ ምንም አልነካም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ካላገኘሁ ሳሙና እረጫለሁ።

በአነስተኛ የላስቲክ ቤት ቲማቲም የሚያመርት ሰው ጉዳዩ ይለያል። ቦታው የተዘጋ ስለሆነ ጠላቶቹ በራሳቸው አይገቡም፤ የሚገዛ ነገር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው። በአገር ውስጥ ብቻውን ማዘዝ ስለሚከብድ፣ በአካባቢው ካሉ ሌሎች አምራቾች ጋር ሆኖ በወረዳው የግብርና ባለሙያ በኩል መጠየቅ ይሻላል። ከማዘዙ በፊት ቀን ቀን ቤቱ ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ለአንድ ሳምንት ይመዝግብ፤ ከ18 የማያልፍ ከሆነ በኤንካርሲያ ገንዘብ አያባክን፣ መስኮቱን በጥቃቅን መረብ ሸፍኖ ቢጫ ሙጫ ወረቀት ይስቀል።

በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ በበረንዳ ማሰሮ ላይ ጎመንና በሶብላ የሚያበቅሉ ወገኖች መግዛት ካለባቸው የባለመረብ ክንፏን እጭ ይምረጡ። ጥንዚዛ ከተሰጣቸውም ተክሉን በውኃ አርሰው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ክሽክሹ ባለበት ግንድ ሥር ይልቀቁ፤ ይህ ቢያንስ የተወሰኑትን ያቆያል።

የአበባ ጽጌረዳ በብዛት ለገበያ የሚያመርት ሰው ብቻ ስለ አዳኝ ማይት ያስብ፤ እሱም ቢሆን ከመልቀቁ በፊት የሚጠቀምባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ከአቅራቢው ጋር ይመርምር።

ለሁሉም የሚሆነው ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ራሱ ክሽክሹን ያጥበዋል፤ የሚከፋው ከኅዳር በኋላ በመስኖ የሚጠጣው የበጋ ጎመን ነው። ድንብላል ከተዘራ በኋላ ለማበብ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ፣ አደይ አበባው ገና ሜዳውን ሞልቶ ሳለ፣ በጎመኑ መደብ ዳርና ዳር አንድ መስመር ድንብላል ይዝሩ፤ ከዚያም በየሦስት ሳምንቱ አንድ አንድ መስመር ይጨምሩ። አደዩ በጥቅምት ሲረግፍ የአበባ ዝንቧ የምትሄድበት ሌላ አበባ አጥታ ከጓሮው አትወጣም።